አዲስ የተገጠመ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ ምርመራው ከየት ይጀመራል?

«ይኸው፣ አንተው ራስህ ተመልከት» አሉኝ የሂሳብ ሠራተኛዋ። ቦታው ጎንደር አራዳ አካባቢ ያለ አንድ የመድኃኒት ማከፋፈያ ነው። የዕቃ መዝገቡን ፕሮግራም ከፈቱና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። እኔም አብሬ ጠበቅሁ። ገጹ እስኪመጣ አሥራ አንድ ሴኮንድ ፈጀ። «በዚያች በአሮጌዋ ኮምፒውተር እንኳ እንዲህ ጠብቄ አላውቅም፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት!» ሰርቨሩን የገጠምሁት እኔ ነበርሁና ጆሮዬ ጋለ። ባለቤቱ ደግሞ ከኋላችን ቆመው መፍትሔውን ወዲያው አገኙት፦ «ሜሞሪ ይጨመርበት።»

በእኛ ከተማ ለዘገየ ኮምፒውተር ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ ይህ ነው፤ ወጡ ምን እንደጎደለው ሳይቀምሱ ጨው እንደ መነስነስ። የዚያ ሰርቨር ሜሞሪ ሦስት አራተኛው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ነበር። ጥፋቶቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱንም ለማስተካከል የተገዛ ነገር አልነበረም። የት እንደተገኙ በየቦታው እናገራለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሰርቨር በድንገት ሲዘገይ ጥያቄው «ምን ተነካ?» የሚል ነው፤ የትናንቱን ከዛሬው ጋር ያነጻጽራሉ። አዲስ የተገጠመ ሰርቨር ግን ትናንት የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «ከእነዚህ ክፍሎች የተሠራ ማሽን ምን ያህል ሊፈጥን ይገባዋል?» ወደሚል ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ተጠርጣሪም የሥራ ብዛት ሳይሆን የገጣሚው እጅ ይሆናል።

መመሪያው በዋናነት ለሊኑክስ ነው፤ ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ሌላ ሲስተም ለሚጠቀሙ አካሄዱ ይሠራል፤ ትእዛዞቹ ግን ሁሉም አይገኙም። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ሲተይቧቸው በላቲን ፊደል ነው።

ቅሬታውን ወደ ቁጥር መለወጥ

«ይዘገያል» በሚል ቃል ብቻ ምርመራ አይጀመርም። ምን ሲሠራ ነው የሚዘገየው? ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? ለሁሉም ነው ወይስ ለአንድ ክፍል ሰዎች? በስንት ሰዓት ይብሳል? ተጠቃሚው አጠገብ ተቀምጠው በስልክዎ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይለኩና በወረቀት ይጻፉ። በማከፋፈያው ሦስቱም ልኬት ከአሥር ሴኮንድ ጥቂት በለጥ ያለ ነበር፤ አንዴ 4 አንዴ 20 አላለም። እንዲህ ያለ እኩል የሆነ መዘግየት የራሱ ትርጉም አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ሰዓት ትንሽ ልጨምር። ተጠቃሚው «ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይብሳል» ካለ በሰርቨሩ መዝገብ 09:30 ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የሚዘነጋው፣ አዲስ የተጫነ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ እንዳለ መቅረቱ ነው። በዚያ አቆጣጠር ያው ቅጽበት 06:30 ተብሎ ይመዘገባል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ አናክሮን የሚባለው ፕሮግራም ካልተጫነበት የዕለት ሥራዎቹን የሚያስነሳው 06:25 ላይ ነው። ሰዓቱ ባልተስተካከለ ማሽን ይህ በጎንደር ከጠዋቱ 3:25 ይሆናል፤ ቢሮው በባለጉዳይ የሚጨናነቅበት ሰዓት። እርስዎም «ሌሊት ይሠራ» ብለው ያዘዙት የመጠባበቂያ ቅጂ እንዲሁ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይነሳል። «ታይምዴትሲቲኤል» ብለው የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ። ለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ አንዳንዴም ምርመራው እዚሁ ያልቃል።

የሚጠበቀውን ቁጥር በወረቀት ማስፈር

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም ይህን አስበልጣለሁ። አንድም ትእዛዝ ከመተየብዎ በፊት ማሽኑ ሊያደርስ የሚገባውን ያስሉ።

ባለ 1 ጊጋቢት የኔትወርክ መስመር በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል። ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ 11 ገደማ። ሳታ በሚባለው የዲስክ ገመድ የተያያዘ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) በተከታታይ ሲነበብ ወደ 500 ሜጋባይት ይጠጋል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በተከታታይ ከ150 እስከ 200 ይሰጣል፤ እዚህና እዚያ የተበታተነ መረጃ ሲፈለግበት ግን ሌላ ዲስክ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሴኮንድ 120 ዙር ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል፤ የሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ይጠበቃል፤ የንባብ ጭንቅላቱ እስኪንቀሳቀስ ሌላ 8 ወይም 9 ይጨመራል። ድምሩ 13 ገደማ ነው። በሴኮንድ ከ80 ያልበለጠ ጥያቄ ይመልሳል ማለት ነው። ዳታቤዙ በሴኮንድ 300 ጥያቄ የሚያቀርብለት ከሆነ ዲስኩ አልተበላሸም፤ ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። በማስተካከያ ፋይል ሲታገሉ አይዋሉ፤ ኤስኤስዲ ይግዙ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ቅደም ተከተሌ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በ«ዲሜሴጅ» እጀምራለሁ። ይህ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ያየውን የሚናገርበት መዝገብ ነው፤ የዲስክ ስሕተት፣ የኔትወርክ መስመር መውደቅና መነሳት፣ የፕሮሰሰር መጋል ሁሉ ይጻፍበታል። ብዙዎች ወደ «ቶፕ» ይሮጣሉ፤ ማሽኑ በራሱ አንደበት «ዲስኬ ታሟል» እያለ እየጮኸ የፕሮግራም ዝርዝር ሲያዩ ይውላሉ።

ቀጥሎ «አፕታይም»። ሦስት ቁጥሮች ያሳያል፦ ያለፈውን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃ አማካይ ጭነት። ቁጥሩን ከፕሮሰሰሩ ኮር (የሥራ ክፍል) ብዛት ጋር ያነጻጽሩ፤ ለባለ 8 ኮር 8 ማለት ሙሉ ሥራ ነው። በሊኑክስ ግን አንድ ማሳሳቻ አለ፤ ፕሮሰሰር የሚጠባበቁትን ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው ዲስክ እየጠበቁ ድርቅ ያሉትንም አብሮ ይቆጥራል። ስለዚህ ጭነቱ 20 ሆኖ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ማሽን ማየት የተለመደ ነው።

ይህን የሚለይልዎ «ቪኤምስታት 1» ነው፤ በየሴኮንዱ አንድ መስመር ያትማል። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ ይዝለሉት። «አር» የሚለው ዓምድ ከኮር ብዛት በላይ ከቆየ ችግሩ ፕሮሰሰር ላይ ነው። «ቢ» እና «ደብሊውኤ» ከፍ ካሉ ዲስክ ነው። «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» ያለማቋረጥ ከዜሮ በላይ ከሆኑ ሜሞሪ በእርግጥ አልቋል፤ ባለቤቱም ትክክል ናቸው። ሁሉም ጸጥ ብሎ ተጠቃሚው ግን የሚጠብቅ ከሆነ ችግሩ ከማሽኑ ሆድ ውጭ ነው፤ ወደ ኔትወርክ ይሂዱ። የኪራይ ወይም ቨርችዋል ማሽን ከሆነ «ኤስቲ» የሚለውን ዓምድም ይመልከቱ፤ እዚያ ያለው ቁጥር ጎረቤት የወሰደብዎ ጊዜ ነው።

በማከፋፈያው ያየሁት ወደ ኔትወርክ የሚመራውን ነው። ሁሉም ጸጥ ብሏል፤ ሴትዮዋ ግን እየጠበቁ ነው።

ዲስክ

ከምጠራባቸው ሥራዎች ብዙው የሚያልቀው እዚህ ነውና ረዘም አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ፣ ዲስኩ ገና ሥራውን ያልጨረሰ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። ሁለት ዲስኮች በሶፍትዌር ሬይድ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን፣ ሲጣመሩ ሲስተሙን ወዲያው መጠቀም ይቻላል፤ ከጀርባ ግን አንዱን ወደ ሌላው መገልበጡን ይቀጥላል። 4 ቴራባይት በሴኮንድ በ150 ሜጋባይት ሲገለበጥ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያው ቀን ፕሮግራም ጭነው «ዘገየ» ካሉ ጥፋቱ የትዕግሥት ነው። «ፕሮክ» ውስጥ ያለውን «ኤምዲስታት» ፋይል ቢያነቡ ስንት መቶኛ እንደደረሰና ስንት ደቂቃ እንደቀረው ይነግርዎታል። መብራት ድንገት ሲጠፋም ቢትማፕ (የተጻፈበትን ቦታ የሚይዝ ማስታወሻ) በሌለው ጥምረት ላይ ይኸው ሥራ ከሥር ይጀመራል፤ መብራት በሚመላለስበት ሰሞን ሰርቨሩ ሁልጊዜ የደከመው የሚመስለው በዚህ ነው። ቢትማፑ መኖሩን በዚያው ፋይል ያያሉ። በተመሳሳይ፣ ኤክስት4 የፋይል ሥርዓት አዲስ ሲዘጋጅ የውስጥ ሰንጠረዦቹን ሞልቶ የሚጨርሰው ከተጫነ በኋላ ነው፤ «ኤክስት4 ሌዚኢኒት» የሚል ስም ያለው የከርነል ሥራ ሲጽፍ ካዩ ይተዉት፤ ይጨርስና ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ገመዱ። «ዲሜሴጅ» ውስጥ የሳታ መስመሩ ፍጥነት ወደ 1.5 ጊጋቢት መውረዱን የሚናገር መልእክት ካለ፣ ከርነሉ ስሕተት ስለበዛበት ራሱን ቀዝቀዝ አድርጎ እየሠራ ነው። 500 ሊሰጥ የሚገባው ኤስኤስዲ ከ150 አያልፍም። «ስማርትሲቲኤል» ይጥሩና ሦስት ረድፎችን ያንብቡ። 5ኛው እና 197ኛው በተበላሹና በተጠረጠሩ የዲስክ ክፍሎች ላይ ናቸው፤ እነዚህ ከጨመሩ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ መጀመሪያ መረጃዎን ያውጡ። 199ኛው ግን በጉዞ ላይ የተበላሸ መረጃን ይቆጥራል፤ ሰበቡም በአብዛኛው ገመዱ ወይም መሰኪያው ነው። ይህ ቁጥር አንዴ ከወጣ አይወርድም፤ ስለዚህ መጠኑን ሳይሆን በዛሬና በነገ መካከል መጨመሩን ይመልከቱ። ገመዱን ነቅለው ይለውጡ። ዲስኩን አይጣሉ! በገመድ ጥፋት የተጣለ ደህና ዲስክ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ «አይኦስታት» ከ«ኤክስ» ምርጫ ጋር። የሚያስፈልግዎ «አዌይት» የሚለው ነው፤ አንድ ጥያቄ ስንት ሚሊሴኮንድ እንደጠበቀ ይናገራል። ለሚሽከረከር ዲስክ 10 ወይም 15 ጤናማ ነው፤ 200 ከሆነ ሰልፍ አለ። ለኤስኤስዲ ከ1 ወይም ከ2 ብዙ መብለጥ የለበትም። የመጨረሻው የመቶኛ ዓምድ 100 ማሳየቱ ግን ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ ኤስኤስዲ ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚያስተናግድ 100 ብሎም ትርፍ አቅም ሊኖረው ይችላል።

አራተኛ፣ የዲስኩ ዓይነት። ርካሽ ሆነው ብዙ የሚይዙ አንዳንድ ዲስኮች መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ላይ ፈጣን ናቸው፤ የውስጥ ማረፊያቸው ሲሞላ አንዱን መስመር ለማደስ የተደረበበትን ሁሉ እንደገና መጻፍ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ያን ጊዜ ይቆማሉ ማለት ይቻላል። ለመጠባበቂያ ቅጂ ይሁኑ፤ ለዳታቤዝና ለሬይድ አይግዟቸው። የሞዴሉን ቁጥር ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ሳያስተያዩ ከሱቅ አይውጡ።

የዲስክን የመጻፍ ፍጥነት ለመለካት «ዲዲ» የተለመደ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው «ኤፍዳታሲንክ» የሚለውን ምርጫ ካልጨመሩ የሚለኩት ሜሞሪን ነው፤ በሴኮንድ 2 ጊጋባይት ብሎ ያስደስትዎታል፤ ውሸቱን ነው። ሁለተኛው የመጻፊያው አድራሻ ፋይል እንጂ ራሱ ዲስኩ እንዳይሆን ነው። ዲስኩን ከጻፉ ያለ ምንም ጥያቄ ጠራርጎ ይጽፍበታል።

ፕሮሰሰርና ሙቀት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ብዙ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። እንግዲህ መመሪያው ላይ «እስከ 35 ዲግሪ» የሚል ማሽን እኛ ዘንድ ሲደርስ እስከ 31 ነው። መጋቢት ላይ መስኮት በሌለው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ራስዎ ያስቡት።

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አይቆምም፤ ይንቀራፈፋል። «ሰንሰርስ» የሚለው ትእዛዝ ዲግሪውን ያሳያል። ሥራ ሳይኖር 80 ከሆነ ክዳኑን ይክፈቱ። አዲስ በተገጠመ ማሽን ያገኘኋቸው ሰበቦች አስቂኝ ናቸው፦ ከማቀዝቀዣው ግርጌ ያልተላጠች ስስ ፕላስቲክ፤ ተቃራኒ ዞሮ የተገጠመ ማራገቢያ፤ ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ያልጠበቀ ማቀዝቀዣ።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ የኃይል ቁጠባ መመረጡን፣ ሊኑክስ ላይም የፍጥነት ገዥው «ፓወርሴቭ» ላይ መሆኑን ያጣሩ። አንዳንድ አዳዲስ ፕሮሰሰሮች በዚያም ስም ሲፈለግ ይፈጥናሉ፤ ስለዚህ በስሙ ሳይሆን ሥራ ሰጥተው በሚያዩት ፍጥነት ይፍረዱ።

ሜሞሪ

አጭር ነው። «ፍሪ» ብለው «ፍሪ» የሚለውን ዓምድ አይዩ፤ «አቬይለብል» የሚለውን ይዩ። ሊኑክስ ትርፍ ሜሞሪን ፋይል ለማቆያ ስለሚጠቀምበት የመጀመሪያው ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ ሜሞሪ አለቀ የሚለው ወሬ የሚወለደው ከዚያ ነው። «ዲኤምአይዲኮድ» ደግሞ የትኛው ቀዳዳ ላይ ምን እንደተሰካ ይነግርዎታል። 32 ጊጋባይት ገዝተው 16 ብቻ ከታየ አንዱ በደንብ አልተጫነም። ሁለቱም ታይተው በአንድ ቻናል (ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስድ አንድ መተላለፊያ) ቀዳዳዎች ላይ ከተሰኩ ግን ግማሹ የመተላለፊያ አቅም ቀርቷል፤ በማዘርቦርዱ መጽሐፍ መሠረት ቦታ ያቀያይሯቸው።

ኔትወርክ

ወደ ማከፋፈያው ልመለስ። የሴትዮዋ ሌላው ቅሬታ የተቃኙ ደረሰኞች ያሉበት አቃፊ ሲከፈት ይጎተታል የሚል ነበር። «ኢትቱል» ስል የሰርቨሩ ካርድ በ100 ሜጋቢት መያያዙን አየሁ፤ ካርዱም፣ ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊችም የ1000 ናቸው። «አይፐርፍ» በሰርቨሩና በእሳቸው ኮምፒውተር መካከል 94 ሜጋቢት ለካ፤ ለ100 መስመር ትክክለኛ ቁጥር ነው።

በኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦዎች፣ አራት ጥንዶች አሉ። የ100 ሜጋቢት መስመር ሁለት ጥንድ፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎችን ብቻ ይጠቀማል። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱ ካልነካ መስመሩ አይሞትም፤ ወደ 100 ይወርድና ማንም ሳያውቅ ይኖራል። የመሰኪያውን ግልጽ ፕላስቲክ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ቡናማው ሽቦ ከሌሎቹ በሁለት ሚሊሜትር አጥሮ ከነሐሱ ጥርስ ፊት ቆሟል። ጫፉን ቆርጬ አዲስ መሰኪያ አሰርሁለት። መስመሩ 1000 ሆነ። አቃፊው እንደ ተነካ ወዲያው ተከፈተ።

እግረ መንገድዎን «ፉል» ወይም «ሃፍ» የሚለውንም ያንብቡ። አንዱ ወገን በሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሲያወራ ሌላው ተራ የሚጠብቅ ከሆነ ፒንግ የሚባለው አጭር ሙከራ ጥሩ ይመስላል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን መስመሩ ይንኮታኮታል። ሁለቱንም ወገን በራሳቸው እንዲስማሙ ይተዉ፤ አንዱን ብቻ በእጅ አይቆልፉ።

የስም ፍለጋ

አሥራ አንዱ ሴኮንድ ግን አልተነቃነቀም። እኩል የሆነ መዘግየት ትርጉም አለው ያልሁት ይህን ነው። በሊኑክስ የስም ፍለጋ፣ ማለትም የኮምፒውተርን ስምና የቁጥር አድራሻውን የማገናኘት ሥራ (ዲኤንኤስ)፣ መልስ ሲያጣ በልማድ 5 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ሁለት ጊዜም ይሞክራል። 5፣ 10፣ ወይም ከእነዚህ ጥቂት የበለጠ ቁጥር በተደጋጋሚ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ዲኤንኤስ ይሁን።

የስም ፍለጋው ወዴት እንደሚላክ የሚጻፍበትን «ሪዞልቭ ኮንፍ» የሚባለውን ፋይል ከፈትሁ። አንድ አድራሻ ብቻ ነበረበት፦ 192.168.8.1። በማከፋፈያው እንዲህ ያለ አድራሻ የለም። የት እንዳየሁት ለማስታወስ ግን ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ሰርቨሩን የገጠምሁበት የእኔው ሥራ ቤት ራውተር ነው። ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ በእጄ የጻፍሁት ነው፤ ሲጓጓዝ አብሮት ተጓዘ። ማሪያዲቢ የተባለው የፕሮግራሙ ዳታቤዝ ደግሞ በልማዱ አንድ ኮምፒውተር ሲያያዘው የዚያን ኮምፒውተር ስም ይፈልጋል። እናም ሴትዮዋ ፕሮግራሙን በከፈቱ ቁጥር ዳታቤዙ ሥራ ቤቴ ያለውን ራውተር እየጠራ አሥር ሴኮንድ ይጠብቅ ነበር።

አድራሻውን ወደ ማከፋፈያው ራውተር ቀየርሁ፤ ሁለተኛ አድራሻም ጨመርሁ። ዳታቤዙ ላይ «ስኪፕ ኔም ሪዞልቭ» የሚለውን ምርጫ አበራሁ፤ ይህን ሲያደርጉ ግን የተጠቃሚዎቹ ፈቃድ በኮምፒውተር ስም ሳይሆን በቁጥር አድራሻ መሰጠቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ በስም የተፈቀደላቸው መግባት አይችሉም።

አንድ በአንድ

ለማስተማር በሚያመች መንገድ ነው የተረክሁት እንጂ በዚያ ቀን ሁለቱን ጥገናዎች ለያይቼ ለካሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጡና ከተስተካከለ የትኛው እንደፈወሰው አያውቁም፤ ካልተስተካከለ ደግሞ የትኛው እንዳባሰው አያውቁም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና በኋላ ያንኑ ልኬት በሦስት ድግግሞሽ ይውሰዱ። ምንም ያላመጣውን ለውጥ ወደ ነበረበት ይመልሱ።

ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ «ሲስስታት» የተባለውን ጥቅል ጭነው መመዝገቡን ያብሩ፤ በየ10 ደቂቃው የፕሮሰሰሩን፣ የዲስኩንና የኔትወርኩን ሁኔታ ያስቀምጣል፤ «ሳር» ብለው ያነቡታል። ከስድስት ወር በኋላ «ዘገየ» ሲባል ማሽኑ ትናንት ይኖረዋል። ለጥምቀት ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ የሆቴል ሰርቨር ቢጨነቅ ብልሽት ነው ወይስ እውነተኛ ሥራ የሚለውንም ከዚሁ ይለያሉ።

በማከፋፈያው ሰርቨሩን ያስቀመጥንበት ቁም ሣጥን በር ውስጠኛው ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ የዲስኩ ፍጥነት፣ የመስመሩ ፍጥነት፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት በጠዋትና በ9 ሰዓት፣ የዕቃ መዝገቡ የሚከፈትበት ጊዜ። የመጨረሻው ቁጥር 0.8 ሴኮንድ ነው። ሴትዮዋ ስክሪብቶ ተቀብለው ከሥሩ ቀኑን ጻፉበትና «ይህ ካለፈ እደውላለሁ» አሉኝ። ባለቤቱ ለሜሞሪ ያሰቡትን ገንዘብ ዩፒኤስ ገዙበት።